ውሃ አጠጪው ልዑል

«ውሃውስ?» አለች ሉላ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ።

የሲኒማ አዳራሹ ሰው ዞሮ አያት። ሸራው ላይ ልዑል ዮናኤል የወለላን ጉንጮች በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ እያለ ነበር። ሉላ ዐይኗን ከእጁ አልነቀለችም። ቅል የለም፣ ዋንጫ የለም፣ በአካባቢው ምንጭ እንኳ አይታይም።

«ኣንቲ፣ ዝም በይ፤ ሊስማት ነው» አለቻት ጓደኛዋ ኤልሻዳይ በክርኗ ጎኗን እየጎሰመች።

«ለምን ይስማታል? እዚህ ጋ እኮ ውሃ ነው የሚያጠጣት!»

ሳማት። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት አፏጩ። ሉላ እጇን አጣጥፋ፣ ቤቷ ሲዘረፍ ቆማ እንደምታይ ሰው፣ ፊልሙን እስከ መጨረሻው በቁጣ ተመለከተችው።

ፊልሙ የተሠራበትን «ጥላ አልባው ልዑል» የተባለ ልቦለድ በትምህርት ቤታቸው ከሉላ በላይ የሚያውቀው አልነበረም። አስማተኛ ጥላውን የሰረቀበት ልዑል የጨው ነጋዴ ልጅ የሆነችውን ወለላን ይወዳል፤ ፍቅራቸው የልብ ከሆነ ጥላው ይመለስለታል። መጽሐፉ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷልና ተማሪው የሚያውቀው ሉላ የተረከችለትን ነው። ሉላ ደግሞ ስትተርክ አትሰስትም። በተለይ ውሃውን። ልዑሉ ፍቅሩ በጠናበት ቁጥር ወለላን ውሃ ያጠጣታል፤ አንዴ በቅል፣ አንዴ በመዳፉ፣ ከዘንዶው ያመለጡ ዕለት ደግሞ በገዛ ጫማው። አምና «ውሃ እንደ ፍቅር ምልክት» የሚል ጽሑፍ አቅርባ የአማርኛ ክበብ አባላት ቆመው አጨብጭበውላታል። የክበቡ ኃላፊ መምህር መርሻ፣ «ደራሲው ራሱ ይህን ያህል ያሰበበት አይመስለኝም» ብለው ነበር። አልተሳሳቱም።

ከአዳራሹ ሲወጡ ኣንዶም በር ላይ ጠበቃቸው። ኣንዶም ክበቡ ውስጥ የገባው ለመከራከር ነው፤ የሚከራከረው ሰው ሲያጣ ከግድግዳ ሰዓቱ ጋር ይከራከራል።

«ፊልሙ ቀውጢ ነው በቃ!» አለ።

«ዳይሬክተሩ መጽሐፉን አላነበበውም» አለች ሉላ። «ውሃውን በሙሉ አውጥቶታል።»

«ሓፍተይ፣ ሰውየው ፊልም ሊሠራ እንጂ ቧንቧ ሊዘረጋ አልመጣም! ሰው ፍቅር ይዞት ውሃ ሲያመላልስ የት አገር ነው ያየሽው?»

«ስታነበው ይገባሃል።»

«አነበዋለሁ። አጎቴ ረቡዕ ከአዲስ አበባ ይገባል፤ አሮጌ መጻሕፍት ተራ ላይ አግኝቶልኛል።»

«ያምጣው!» አለች ሉላ ደስ ብሏት። «ዓርብ ሰው ሁሉ ፊት አንተው ራስህ ታነበዋለህ።»

ዓርብ ክበቡ «መጽሐፉ ወይስ ፊልሙ?» የሚል ክርክር አዘጋጅቷል። ለመጽሐፉ የምትቆመው ሉላ፣ ለፊልሙ ኣንዶም ነው።

ሐሙስ ዕረፍት ሰዓት ላይ ኤልሻዳይ አንድ ነገር በሹራቧ ሸፍና መጣች። ፊቷ የመርዶ ነጋሪ ፊት ነው።

«ሉላ» አለች፤ «ውሃ የለም።»

«ዛሬ የእኛ ሰፈር ተራ ነው፤ ይመጣል።»

«መጽሐፉ ውስጥ ነው የምልሽ! ኣንዶም ነው ለዛሬ ያዋሰኝ፤ ‹ነገ እንዳትደነግጥ ቀድመሽ አሳያት› ብሎ። ቦታዎቹ ላይ የብስኩት ወረቀት አድርጎባቸዋል።»

ሉላ የመጀመሪያውን የብስኩት ወረቀት ገለጠች። ሳማት። ሁለተኛውን ገለጠች። ሳመችው። ከዘንዶው ባመለጡበት ቦታ ጫማ የሚባል ነገር በዞረበት አልዞረም፤ መሳሙ ግን ገጹን ሞልቶ ወደ ማዶ ተሻግሯል።

«ሌላ እትም ይሆናል» አለች።

«ዋይ ሉላ! አንብበሽዋል አይደል እንዴ?»

ሉላ ገጹን ከደነች። መጽሐፉን ያነበበችው በጆሮዋ ነው። ያኔ፣ በጦርነቱ ከተማው መብራትም ውሃም ስልክም ባንክም ያጣ ጊዜ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ የእሷም አማርኛ ገና ፊደል ከመለየት ሳያልፍ፣ አባቷ ከጎረቤት ተውሶ ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ እያነበበላት ነበር። ዐይኑ አማርኛውን እያየ አፉ በትግርኛ ይነግራታል። መጽሐፉ ለባለቤቱ ተመለሰ፤ ታሪኩ እሷ ጋ ቀረ። ነገ ደግሞ ያ ሁሉ ያጨበጨበላት ሰው ሊሥቅባት ነው።

አባቷ ኣባዲ የውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። ደብዳቤ ሲጽፍ የኖረ ሰው ስለሆነ ቀልድ እንኳ ሲያወራ መጨረሻው ላይ «ግልባጭ፦ ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ይመስላል። ሉላ ቤት ስትደርስ ግቢ ውስጥ በጎማ ቱቦ በርሜል እየሞላ አገኘችው።

«ኣቦይ፣ ልዑል ዮናኤል ወለላን ውሃ ያጠጣት ነበር ወይስ ይስማት ነበር?»

አባቷ የቱቦውን አፍ ጎንበስ ብሎ መረመረው። ምርመራው ረዘመ።

«ጾም ነበር» አለ በመጨረሻ።

«የጾመው ማን ነው? ልዑሉ?»

«እኔ ነኛ! በዐቢይ ጾም፣ ልጄን ፊቴ አስቀምጬ፣ በዚህ አፌ ‹ከንፈሯን› ምናምን ልበል? መሳሙ ሲመጣ ምን ልተካበት ብዬ ባስብ ውሃ መጣልኝ። ያን ጊዜ ሌላ የሚታሰብ ነገር አልነበረም፣ ጓለይ።»

«በጫማ ግን ኣቦይ?»

«እዚያ ጋ ዕቃ አልነበራቸውም» አለ፣ ትንሽ ቅር ብሎት።

«እሺ፣ ከፋሲካ በኋላስ?»

«ከፋሲካ በኋላ እናትሽ አብራሽ መስማት ጀመረች።»

«እና?»

«እናማ፣ በመዳፉ ያጠጣት ቀን አለቀሰች። ‹እንዲህ ያለ ወንድ የት ይገኛል?› አለች። ከዚያ ወዲያ በምን አፌ ልመልሰው?» ወደ ቤቱ በር ገልመጥ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።»

ሉላ ስለ ነገው ክርክር ነገረችው። አባቷ ቧንቧውን ዘጋ፤ እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ነገ እመጣለሁ» አለ። «ክራባቴን አድርጌ እመጣና ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለተማሪው አስረዳለሁ።»

ሉላ አባቷ በክራባቱ ማይክ ይዞ «መሳምን በውሃ ስለመተካት» ሲያብራራ ታያት። ለኣንዶም እስከ ዩኒቨርሲቲ የሚበቃ የመቀለጃ ስንቅ ነው።

«አትመጣም» አለች። «እኔው እጨርሰዋለሁ።» እንዴት እንደምትጨርሰው ግን አላወቀችም።

ዓርብ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም አለ። ፊት ለፊት ርዕሰ መምህሩ ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ባዮሎጂ የሚያስተምሩት የኣንዶም እናት፣ ከእሳቸው ቀጥሎ ሌሎች መምህራን። ዕጣው መጀመሪያ ለኣንዶም ወጣ። መድረኩ ላይ እንደ ጠበቃ ተንጎማለለ።

«ሉላ ‹ልዑሉ ውሃ ያጠጣታል› እያለች ስታታልለን ኖራለች። መጽሐፉ ይኸው፤ ራሱ ይናገር!»

የመጀመሪያውን የብስኩት ወረቀት ገልጦ ጉሮሮውን ጠረገ።

«‹ዮናኤል ወደ ወለላ ቀረበ። እስትንፋሷ ፊቱን ነካው። ጉንጮቿን በሁለት እጁ ይዞ...›»

ቀና አለ። እናቱ መነጽራቸውን አስተካክለው በጥሞና ያዩታል።

«‹...ይዞ...›»

ኣንዶም ገጹን ወደ ፊቱ አስጠጋ።

«‹...ይዞ፣ እንዴት ዋልሽ አላት።›»

«ጉንጭ ተይዞ ነው እንዴ ሰላም የሚባለው?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ጸጥታ!» አሉ መምህር መርሻ። «ቀጥል፣ ኣንዶም።»

ኣንዶም ወደ ሁለተኛው ወረቀት ዘለለ። «‹ከንፈሯ...›» ብሎ ቆመ። እናቱን አየ። ርዕሰ መምህሩን አየ። ጣሪያውን አየ። «‹...ከንፈሯ ደርቆ ነበር።›»

«ታዲያ ውሃ ይስጣታ!» ብሎ አንዱ ጮኸ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከፊሉ «ሉላ! ሉላ!» ይላል። ኣንዶም ጆሮው ቲማቲም መስሎ ተቀመጠ።

«እንግዲህ» አሉ መምህር መርሻ ጭብጨባው ሲበርድ፣ «ተከራካሪው ራሱ መሰከረ። ሉላ፣ የምትጨምሪው ካለ ጨምሪ፤ ከሌለም አሸንፈሻል።»

ሉላ ማይኩ ፊት ቆመች። አንድ «የለም» ይበቃት ነበር። ኤልሻዳይ ከታች «በቃ ውረጂ» እያለች በእጇ ትጠራታለች። ኣንዶም መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ አንገቱን ደፍቷል። «ተሸንፌ አይደለም» ማለት የሚችለው መሳሙን ካነበበ ብቻ ነው፤ ያን ደግሞ እናቱ ፊት አያነበውም።

«መጽሐፉን አላነበብኩትም» አለች ሉላ።

ማይኩ ሲጥ አለ።

«ተነብቦልኝ ነው የማውቀው። ያነበበልኝ ሰው ደግሞ አሁን ኣንዶም እንዳነበበው አድርጎ ነው የሚያነበው።»

መጀመሪያ የሣቁት የኣንዶም እናት ናቸው፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን እስኪጠርጉ ሣቁ። ቀጥሎ መምህራኑ፣ ከዚያ አዳራሹ። ኣንዶም ራሱ፣ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ማነው ያነበበልሽ?» አሉ መምህር መርሻ፣ ሣቃቸውን እንደምንም ውጠው።

«የማከብረው ሰው ነው።»

መምህሩ ስሙን ጠበቁ።

«ይሁን። ታዲያ የሚሻለው መጽሐፉ ነው ወይስ ፊልሙ?»

ሉላ ከመድረኩ ወርዳ ኣንዶም ፊት እጇን ዘረጋች። ኣንዶም መጽሐፉን ሰጣት። የብስኩት ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አወጣችና መልሳ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ሳነበው እነግርዎታለሁ» አለች ለመምህሩ፤ ቦታዋ ላይ ተቀምጣም የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች።