የክዳኑ መብራት

ጋሽ መንግሥቴ የራስ ቅላቸው ከብረት ጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ፣ በገዛ ፎቶ ቤታቸው በጀርባቸው ተዘርረው ተገኙ። ሰቆጣ ውስጥ እሳቸው ፊት ቀጥ ብሎ ያልቆመ፣ «አትንቀሳቀስ» ያልተባለ ጎልማሳ ማግኘት ያስቸግራል። ኢንስፔክተር ዝናሽ ከመናኸሪያው ጀርባ ስትደርስ የከተማው ግማሽ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ሕዝቡን ገለል አድርጋ ገባች። ዝናሽ ደግሞ ሬሳ ያለበት ቤት ገብታ መጀመሪያ ሬሳውን የምታይ ሰው አይደለችም። ዙሪያውን ነው የምታየው።

ላፕቶፑ ወለሉ ላይ ተሰባብሯል። ገና የመጣው ስካነር ክዳኑ እንደተከፈተ ነው፤ መስተዋቱ ላይ ግን ምንም የለም። መዳፍ መዳፍ የሚያካክሉት የድሮ ፊልሞች በየካርቶናቸው መደርደሪያው ላይ ተቀምጠዋል።

«የጠፋ ነገር አለ?» አለች።

«አንድ ፊልም ብቻ» አለች ጥሩሐረግ፣ የሟቹ የእህት ልጅ። ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «የመጋዘኑ ፊልም።»

የመጋዘኑን ነገር የማያውቅ የሰቆጣ ሰው የለም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ የእርዳታ እህል መጋዘን በር ላይ ሁለት ዘቦች ቆመው ነበር። ሕዝቡ ሲገፋ አንደኛው ተኮሰና ደጅይጥኑ የሚባል የልጆች አባት ገደለ። ዘቦቹ ከሌላ አገር የመጡ ነበሩና የትኛው እንደተኮሰ በስም የሚለይ ጠፋ። አልቃሾች ግን በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ «ግራኙ ዘብ» እያሉ አለቀሱ፤ ለቅሶው እስከ ዛሬ አለ። አንደኛው ዘብ ልጅ ሳይወልድ ሞተ። ሌላው ወልደ ጻድቅ ነው፤ እሱም ሞተ፣ ልጁ ምንዋጋው ጡት ሳይጥል።

አሁን የምንዋጋው ልጅ የደጅይጥኑን የልጅ ልጅ ልታገባ ነው። የሙሽራው ወገን ሽማግሌ አቶ ወልደ ሐዋርያት ቁርጡን ተናግረዋል፤ «ደም ካለበት ቤት አናጋባም። ግራኙ የትኛው እንደነበር ይታወቅ» ብለዋል። ጋሽ መንግሥቴ ደግሞ ጥይቱ ከመተኮሱ በፊት ሁለቱን ዘቦች ፎቶ አንስተዋቸው ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ፈርተው ዝም ያሉት ሰውዬ፣ የሰርጉን ነገር ሲሰሙ «ፊልሙ አለ፤ እሱ ይፍረድ» አሉ።

ዝናሽ መጀመሪያ ያነጋገረችው ቤዛን ነው። ቤዛ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች የባህል ባለሙያ ናት፤ የጋሽ መንግሥቴን ፊልሞች ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ደፋ ቀና ስትል የከረመች።

«ስካነሩን የመረጥሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ለትልልቅ ፊልም ተብሎ የተሠራው አዲሱ ዋጋው አይቀመስም። ርካሹ ደግሞ እንደ ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ከሥር ብቻ ነው የሚያበራው፤ እሱ ወረቀት እንጂ ፊልም አያነብም። ፊልም ብርሃን ሲያልፍበት ነው የሚታየው። ስለዚህ ክዳኑ ውስጥ መብራት ያለው፣ ያገለገለ ፈልጌ ገዛሁ። የፊልም መያዣው ስለጠፋ ነው ዋጋ የቀነሱልኝ።»

«ክዳኑ እንደሚያበራ ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። ትናንት በአውቶብስ መጣ፤ ከሰዓት እኔና ጋሽ መንግሥቴ ብቻችንን ከፈትነው። የመጋዘኑን ፊልም መጀመሪያ እናንብብ አሉ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ስለነበር ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። መያዣ የለ፤ ጠርዙ ወደ ላይ እየተጠቀለለ አስቸገረኝ። ገልብጬ አስተኛሁትና መስተዋት ጫንኩበት። ቅጂው ስልኬ ላይ አለ።»

ዝናሽ ሥዕሉን ተቀብላ ብዙ አየችው። መርማሪ ሳትሆን በፊት ለዓመታት መሣሪያ ግምጃ ቤት ሠርታለች፤ ክላሽ እየፈታች ስትገጥም የኖረች ሴት ናት። ስልኩን መለሰች።

ጥሩሐረግን «ፊልሞቹን ልሽጥ ብለሽ ከአጎትሽ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል» አለቻት።

«ተጣልተናል፤ አልዋሽም። ብሸጥ ግን ሁሉንም ነው። ከዚያ ሁሉ አንዱን አውጥቼ ምን እሆናለሁ?»

ምንዋጋው የባጃጅ መለዋወጫ መሸጫው ውስጥ ነበር። ወንበር አቀረበላት።

«ኢንስፔክተር፣ ያን ፊልም ከእኔ በላይ የሚፈልገው ሰው አለ? አባቴን የሚያነጻልኝ እሱ ነበር። ምን ብዬ አጠፋዋለሁ?»

«ትናንት ወደዚያ አልሄዱም?»

«አልሄድኩም። ስካነር የሚሉትንም በዓይኔ አላየሁት። ሳስበው ግን ሽማግሌው የወደቁ ነው የሚመስለኝ። ዓይናቸው ደክሟል። ያ ክዳን ከላይ ሲያበራባቸው ተደናብረው፣ ላፕቶፑንም ይዘውት ወድቀው ይሆናል።»

«ሊሆን ይችላል» አለች ዝናሽና አመስግናው ወጣች።

ከቀብር በኋላ ሦስቱንም፣ አቶ ወልደ ሐዋርያትንም ጨምራ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሽማግሌው ዱላቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው ተቀመጡ።

«ጋሽ መንግሥቴ ተደናብረው አልወደቁም» ብላ ጀመረች። «የወደቀ ሰው ፊልም አይሰውርም። ፊልሙን የወሰደው ሥዕሉን አይቶ የደነገጠ ሰው ነው። ጥሩሐረግ መሸጥ የምትፈልገውን ነገር አታጎድልም። ቤዛ የአገሩን ለቅሶ አታውቅም፤ ለእሷ ሁለት ዘቦች ናቸው፣ አለቀ። አሁን እዩት።»

የቤዛን ስልክ ለሽማግሌው ሰጠቻቸው። ከሁለቱ ዘቦች የአንደኛው ፊት ቁርጥ ምንዋጋው ነው። ክላሹን በግራ ትከሻው ደግፎ፣ ግራ እጁን ቃታው ላይ አድርጓል።

«እግዚኦ» አሉ አቶ ወልደ ሐዋርያት ቀስ ብለው።

ምንዋጋው ወደ ስልኩ አልተጠጋም። «እኔ ይህን መቼ አየሁት?» አለ።

«ስካነሩንም አላየሁም ብለዋል። ታዲያ ክዳኑ ከላይ እንደሚያበራ ማን ነገረዎት? እዚህ አገር ያለው ሁሉ ከሥር ነው የሚያበራው። ይሄኛው ከላይ እንደሚያበራ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ ይችውና፣ ሌላውን ዛሬ ቀበርናቸው። ሦስተኛው እዚች ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ ያየ ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ። ምንዋጋው መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ደውለው ጠሩኝ» አለ። «‹ያውልህ፣ እየው› አሉኝ። አየሁት። ቀና ስል ይስቃሉ። ልጄ ሰርጓ ሊቀር፣ ደም ልትወርስ፣ እሳቸው ይስቃሉ። ገፋኋቸው። የገፋኋቸው አንዴ ብቻ ነው። ላፕቶፑን ሰባበርኩት፤ የሚያበራውን ክዳን ከፍቼ ፊልሙንም ወስጄ አቃጠልኩት።»

ዝናሽ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባባ፣ የክላሽ ማቀባበያው በየት በኩል ነው?»

«በቀኝ ነዋ። ይህን ያጣዋል የዋግ ሰው?»

«ሥዕሉ ላይስ?»

አቶ ወልደ ሐዋርያት ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። የሁለቱም ክላሽ ማቀባበያ በግራ በኩል ነበር። «ይህስ ተሳስቷል» አሉ።

«ቤዛ፣ ገልብጪው።»

ቤዛ ስልኩን ተቀብላ ሥዕሉን ገለበጠችው። ማቀባበያዎቹ ወደ ቀኝ ዞሩ። ከእነሱ ጋር የወልደ ጻድቅም ክላሽ ወደ ቀኝ ትከሻው ዞረ፤ በግራው የያዘው ያ ልጅ ሳይወልድ የሞተው ዘብ ሆነ።

«ፊልሙ በጀርባው ነው የተነበበው» አለች ዝናሽ። «ጋሽ መንግሥቴ ዓይናቸው አያይም፤ መገልበጡን በምን ይወቁት? ያነሡት ግን እሳቸው ናቸውና ግራኙ ወልደ ጻድቅ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር፤ በእሳቸው ቤት የምሥራች ማሳየታቸው ነው። የሳቁት ለዚህ ነው፣ አቶ ምንዋጋው።»

ቤዛ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «እኔ ነኝ የገለበጥኩት» አለች፤ ጥሩሐረግ ግን ቀና ብላም አላየቻት።

አቶ ወልደ ሐዋርያት ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ወልደ ጻድቅ ንጹሕ ነው። ያለ ኃጢአቱ አምተነዋል፤ ይህን በየደጁ ዞረን እንናገራለን» አሉ።

ምንዋጋው ከተቀመጠበት ቀና አለ። «ልጄስ፣ አባባ?»

ሽማግሌው በሩ ላይ ቆም አሉ።

«ደም ካለበት ቤት አናጋባም ብለናል፣ ልጄ» አሉና ወጡ።

ዝናሽ ካቴናውን አወጣች። ምንዋጋው ሥዕሉን አንድ ጊዜ እንድታሳየው ለመናት፤ አባቱን ከዚያ ፊልም በፊት በፎቶ እንኳ አይቶት አያውቅም ነበር።