በሁለቱ ፏፏቴዎች መካከል

ሬሳው ከሁለተኛው ፏፏቴ ሥር ከነጀልባው ተጎትቶ ድንጋይ ላይ ተጋድሟል። ኢንስፔክተሯ እስክትደርስ ድረስ ጨርቅ እንኳን ጣል ያደረገለት አልነበረም። ሦስት የቅርብ ሰዎች እያሉት! ሦስቱም ተራርቀው ቆመው እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ውሃውን ያያሉ። ነገሩ አናደዳት። እጆቹን መርምራ ስታበቃ የራሷን ኮት አውልቃ አለበሰችው። የቀኝ አውራ ጣቱ በግራጫ ፕላስተር ተጠቅልሎ ነበር።

በመሥሪያ ቤቷ «ቀስ በቀስ» እያሉ ይቀልዱባታል። ስትጠይቅ አትቸኩልም። ቤቷ የሚጠብቃት ሰው ስለሌለም ለመሄድ አትቸኩልም።

ሟቹ የካያክ አሰልጣኝ ነበር። ካያክ ለአንድ ሰው ብቻ የምትበቃ ጠባብ ጀልባ ናት። ቀዛፊው ገብቶ ይቀመጥና ወገቡ ላይ የታጠቀውን የጎማ ሽፋን በጀልባዋ አፍ ዙሪያ ወጥሮ ይዘጋል። ከተገለበጠ ከሽፋኑ ጫፍ የተንጠለጠለውን ቀይ ጥብጣብ ስቦ ይወጣል። የአሰልጣኙ ጥብጣብ ግን ታጥፎ ከሽፋኑ ሥር ተቀብሯል። ምስኪኑ ሰውዬ የሚስበው አጥቶ እንደተዘቀዘቀ ሞተ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አላት ታናሽ ወንድሙ፣ ገና ሳትጠይቀው።

በእነሱ ደንብ ማንም ቢሆን ጓደኛው ጥብጣቡን ጎተት አድርጎ ሳያይለት ውሃ ውስጥ አይገባም። የዛሬው ተራ የወንድምየው ነበር።

«ሁሌ ስለማደርገው፣ ዛሬ ማድረጌን አላስታውስም። ዘንግቼው ይሆናል። በቃ፣ ውሰጂኝ።»

«አይዞህ ወንድሜ፣ መታሰሩ የትም አይሄድም» አለችውና ወሬውን ከመጀመሪያው አስጀመረችው።

ወንዙን የሚወርዱት አንድ በአንድ ነው። የቀደመው ሁለቱንም ፏፏቴ ወርዶ ፊሽካ ሳይነፋ ተከታዩ ንቅንቅ አይልም። ወንድምየው ከፏፏቴዎቹ በላይ ሆኖ ቢጠብቅ ቢጠብቅ ፊሽካ የለም። በመጨረሻ በእግሩ ሮጦ ወረደ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የአሰልጣኙ ሚስት እዚያው ከላይ ባለው ድልድይ ላይ ነበረች፤ እሷ እሱን፣ እሱም እሷን ያያሉ።

ሚስትየው ብዙም አላለቀሰችም። የዛሬው የባሏ የመጨረሻ ጉዞ እንደነበር፣ በሚቀጥለው ሳምንት ጠቅልለው ወደ ከተማ ሊገቡ እንደነበር ነገረቻት። ሦስት ዓመት ለምናው በስንት መከራ ነው እሺ ያለው። ሦስተኛው ሰው፣ ጀልባ ጠጋኙ ግን ዛሬ ጠዋት ገና መስማቱ ነው።

«ምን አለ ሲሰማ?»

«ምንም። ሄዶ መቅዘፊያ መወልወል ጀመረ።»

ባሏ ጀልባው ውስጥ ሆኖ ሊነሳ ሲል በስልኳ ፎቶ አንስታው ነበር። ኢንስፔክተሯ ፎቶውን አጉልታ ረጅም ጊዜ አየችው።

ጀልባ ጠጋኙን «ሙጫ» ይሉታል፤ ሥራውም ሙጫ ነው፣ ከተቀመጠበትም አይላቀቅም። የሚኖረው ከጀልባ መጋዘኑ ጀርባ፣ አንድ አልጋና አንድ ወንበር ባለባት ክፍል ነው። የነፍስ አድን ገመድ ይዞ ከሁለተኛው ፏፏቴ ሥር እንደቆመ፣ ከዚያም ፈቀቅ እንዳላለ ነገራት። ገመዱንም ወርውሮለት ነበር፤ አልደረሰም እንጂ። የገመዱን ከረጢት ጨበጥ አድርጋ መለሰችለት። ከዚያ ሦስቱንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ፎቶው ላይ ቀዩ ጥብጣብ ውጭ ነው» አለች ወደ ወንድምየው ዞራ። «እጅህ ሥራውን ሠርቷል። አንተ አልዘነጋህም።»

ወንድምየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። እስኪበቃው ጠበቀችው።

«ስለዚህ ሽፋኑ መንገድ ላይ ተከፍቶ እንደገና ተዘግቷል። ለምን? ፎቶው ላይ አውራ ጣቱ ደህና ነው፤ ሬሳው ላይ ቆስሏል። በመጀመሪያው ፏፏቴ ድንጋይ ቆረጠው፤ ውሃው ረጋ ከሚልበት፣ ከሁለቱ ፏፏቴዎች መካከል ዳር ወጣ። ፕላስተሩን ውሃ አላላቀቀውም፤ ጣቱ ተጠርጎ በደንብ ተጠቅልሏል፤ በአንድ እጅ እንደዚያ አይጠቀለልም። በዚያ ጣትም ያን ጎማ ብቻውን ወጥሮ ሊዘጋ አይችልም። ሁለቱንም ሌላ ሰው ነው ያደረገለት። እነዚህ ሁለቱ ከላይ ሆነው ሲተያዩ ነበር።» ወደ ሙጫ ዞረች። «ግራጫው ፕላስተር አንተ ጀልባ የምትጠግንበት ነው፤ እዚህ የሥራ ጠረጴዛህ ላይ አይቼዋለሁ። ወረወርኩት ያልከው ገመድ ደግሞ ጠብታ ውሃ አልነካውም።»

ሙጫ ቁጭ አለ።

«እንዲቀር ልለምነው ነው የወጣሁት» አለ። «ጣቱን ጠቀለልኩለት። ‹በል ደህና ሁን› አለኝ፤ በቃ፣ ይህችን ብቻ። ሃያ ዓመት ጀልባውን ስጠግን! ሽፋኑን ስዘጋለት ጥብጣቡን ከሥር አጠፍኩት። በቆሰለ ጣት መቅዘፊያ አጥብቆ እንደማይዝ፣ እንደሚገለበጥ አውቃለሁ። የተገለበጠ ጀልባ ሁልጊዜ እኔ የምቆምበት ድንጋይ ሥር ነው የሚመጣው። ይዤ ላወጣው ነበር። እኔ ካወጣሁት ትቶኝ አይሄድም ብዬ ነው።»

«እና?»

«ዛሬ ግን ውሃው መሃል ላይ ቀረ። አለት ያዘው። እጄ ገመዱን ረሳው።»

ወንድምየው ተነስቶ ፊቱ ቆመ። «አሥር እርምጃ ነው እኮ! ለምን ውሃው ውስጥ አልገባህም?»

«ዋና አልችልም» አለ ሙጫ።

በዚያ ሁሉ ዓመት ማናቸውም ጠይቀውት አያውቁም ነበር።