ሰማንያ ሲሞላ የሚንቀጠቀጠው ጂፕ

ሻምበል መገርሳ አቃቂ ድልድይ አጠገብ ሲደርሱ ሬሳው በነጠላ ተሸፍኗል። ሟቹ የክር ፋብሪካው ሾፌር አምባው ነው። ይነዳው የነበረው ጂፕ ከአስፋልቱ ወጥቶ ቦይ ውስጥ በጀርባው ተንጋልሏል። ሻምበል ጉልበታቸውን እየያዙ ወረዱ። በዚህ መንገድ ላይ ስንት ሬሳ አንስተዋል! አሁንስ ሰልችቷቸዋል፤ ቢሆንም ሳያዩ መፈረም አይሆንላቸውም።

ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደው ረጅም ዘንግ የፊት ጫፉ ተፈትቶ ወርዷል። በሩጫ ላይ አስፋልቱን ወግቶ መኪናውን የገለበጠው እሱ ነው። ሻምበል የቡሎን ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ። ሁሉም ክብ ናቸው፤ ጠርዛቸው አልተበላም።

«ቡሎኑ ሲላላ የከረመ ቢሆን ቀዳዳው ይሰፋ ነበር» አሉ ለራሳቸው። «ይሄ በቅርቡ ተፈትቶ፣ ሳይጠብቅ የተገጠመ ነው።»

ጣቢያ ሲመለሱ ገዳዩ ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው። የፋብሪካው መካኒክ ሳህሌ ወሬውን የሰማው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ነው፤ ከዚያው በቀጥታ መጥቶ እጁን ሰጥቷል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ጌታዬ። እሰሩኝ።»

«መታሰሩን ተወውና ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

«ክረምቱ ሲገባ የኮዬን ጭቃ እንዲሻገር አቶ ፀሐዩ ጂፑን ከፍ አድርገው አሉኝ። ባሌስትራው ላይ ብረት ደርቤ ከፍ አደረግኩት። ከዚያ ወዲህ ፍጥነቱ ሰማንያ ሲሞላ መንቀጥቀጥ አመጣ።»

«ጎማ አይሆንም?»

«ሁሉም ጎማ ነው ይላል። ጎማ ቢሆን መሪው እጅ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይሄ ግን የሚመጣው ከመቀመጫው ሥር ነው። ጎማም ቀያየርኩ፤ ያው ነው። እየሮጠ ማርሹን ዜሮ አድርጌ ሞተሩን አጠፋሁት፤ አሁንም ያው። ስለዚህ ሞተርም አይደለም። ትናንት ከሰዓት በኋላ የኋላውን ዘንግ ጨርሶ አውልቄ በፊት ጎማዎቹ ብቻ ነዳሁት። ጭጭ አለ! ለካ መኪናው ከፍ ሲል ዘንጉ ቁልቁል አዘቅዝቆ፣ መጋጠሚያው ላይ ያለው መስቀለኛ ብረት፣ ክሮቸራው፣ እየጎረበጠው ኖሯል።»

«ከዚያስ?»

«የሚያቃናው ሽብልቅ ብረት ማስቀረጽ ነበረብኝ። እስከዚያው ዘንጉን መልሼ ቡሎኖቹን በጣቴ ብቻ አስገባኋቸው። ዛሬ ሚካኤል ነው፤ በሚካኤል ብረት አልነካም። ነገ እጨርሰዋለሁ አልኩ።»

ሻምበል የጋራዡን ልማድ ያውቁታል። ሥራው ያላለቀ መኪና መሪው ላይ ጨርቅ ይታሰርበታል፤ ያሰረው ሰው ራሱ ካልፈታው ማንም አይነዳውም።

«ጨርቅ አስረህ ነበር?»

ሳህሌ መዳፎቹን አገላብጦ አየ። «ያሰርኩ ይመስለኛል። ፖሊሶቹ ግን መኪናው ውስጥ የለም አሉኝ። ለዋዜማው ስቸኩል ረስቼው ይሆናል። ሻምበል፣ አላስታውስም!»

«ዘንጉን ማውለቅህን ለማን ነገርክ?»

«ለአምባው ብቻ፣ ስወጣ በር ላይ። ‹ዘንጉ ሲወልቅ ጭጭ አለ፤ አገኘሁት› አልኩት፤ ደስ አለው። ቡሎኑ አለመጥበቁን ግን አልነገርኩትም። ጨርቁን ያያል ብዬ ነዋ!»

ሻምበል ጠያቂ እንዳይገባበት አዘው ወደ ፋብሪካው ሄዱ። ልባቸው ለመካኒኩ አዝኗል፤ ግን ሐዘን ማስረጃ አይሆንም።

የጋራዡ ኃላፊ አቶ ፀሐዩ ከረባታቸውን እያስተካከሉ ተቀበሏቸው።

«ትናንት ከቀትር ጀምሮ ከተማ ነበርኩ። ዛሬም የገባሁት አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው። አምባውን በዓይኔ አላየሁትም። የፋብሪካው እንግዳ ደብረ ዘይት ላይ መኪና እንደሚጠብቅ ያውቅ ስለነበር በራሱ ሄዶ ይሆናል።»

«መንቀጥቀጡስ?»

«የሳህሌ ጥፋት ነው! ዘንጉ ሲወልቅ ጭጭ ማለቱን ካወቀ በኋላ መኪናውን እንዲያ ጥሎ ይሄዳል?»

ሻምበል ራሳቸውን ነቀነቁና ወጡ። ግቢው ውስጥ ሁለተኛው ሾፌር ወልደየሱስ መኪና ያጥባል።

«ጂፑ ምን ነበር የሚያንቀጠቅጠው?»

«ጎማ ነው፣ ጌታዬ። እስከ ዛሬ መፍትሔ አልተገኘለትም።»

«ጠዋት መሪው ላይ ጨርቅ አይተሃል?»

ወልደየሱስ ወደ ኃላፊው መስኮት ሰረቅ አድርጎ አየ። «እኔ ምንም አላየሁም።»

ከቀብሩ ማግስት ሻምበል ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰቡ። ሳህሌ በካቴና ታስሮ ግድግዳ ተደግፏል። የሟች ሚስት አሰጋሽ ጥቁር ለብሳ፣ ፊቷን ከእሱ አዙራ ተቀምጣለች።

«ቆሜ ብዙ ማውራት አልችልም» አሉ ሻምበል፣ የዘይት በርሜል ላይ እየተቀመጡ። «ዘንጉ ሲወልቅ መኪናው ጭጭ ማለቱን ያወቀው ሳህሌ ነው፤ የነገረውም ለአምባው ብቻ ነው። ሳህሌ ከጣቢያ አልወጣም፤ ጠያቂም አልገባበትም። ወልደየሱስ እንኳን እስካሁን ጎማ ነው ይላል። አቶ ፀሐዩ፣ እርስዎ ከማን ሰሙ?»

አቶ ፀሐዩ ከረባታቸውን ማስተካከል ሲጀምሩ ሻምበል ቀጠሉ።

«ከአምባው ነው የሰሙት። ከተማ ስለነበሩ ማታ አላገኙትም፤ ያገኙት ጠዋት ነው። አላየሁትም ያሉት ውሸት ነው። ቀጥሎስ? ለጉዞ የተነሳ ሾፌር ስለ ዘንግ መውለቅ ለአለቃው ምን ብሎ ያወራል? ‹አልሄድም› ሲል ነው! ለአምባው ደግሞ ቡሎኑ አለመጥበቁን የነገረው ሰው የለም። ታዲያ ምን አይቶ ነው አልሄድም ያለው?»

ሳህሌ ቀና አለ።

«ጨርቁን አይቶ ነው» አሉ ሻምበል። «‹መካኒኩ ዘንጉን አውልቆ ነበር፣ ሥራው አላለቀም፣ ይኸው ጨርቁ› ብሎ አስረዳዎት። እርስዎን ደግሞ እንግዳው ቆሞ እየጠበቀዎት ነው።»

«ጨርቁን በጥሰው ጣሉት!» አለ ወልደየሱስ ድንገት። «ካልሄድክ ቁልፉን አስረክብ አሉት። እንጀራዬን ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት፣ አሰጋሽ። ይቅር በይኝ።»

«ይሞታል ብዬ መች አሰብኩ» አሉ አቶ ፀሐዩ በቀጭን ድምፅ።

ሻምበል ይህን አመኗቸው። ክፉ ሰው ቢያገኙ ይሻላቸው ነበር። እንግዳ ላለማስቆም ሲባል ሰው መሞቱ፣ ከዚያም ሌላው እንዲታሰርበት ዝም መባሉ አንገሸገሻቸው። ካቴናው ከሳህሌ ወጥቶ ለአቶ ፀሐዩ ሆነ።

ሳህሌ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«አስሬ ነበር ማለት ነው?»

«አስረህ ነበር» አሉ ሻምበል።

ሳህሌ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ጓደኛው አምባው ከሞተ ወዲህ አልቅሶለት አያውቅም፤ የገደለ ሰው ያለቅሳል እንዴ ብሎ። አሁን እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። አሰጋሽ ተነስታ መጣች፣ አጠገቡ ቆመች፣ ክንዱንም ያዘችው።

«በል ተነስ» አለችው። «ለቅሶ አልደረስክም እኮ። ቤት እንሂድ።»