የያቮርካ መረብ

«እዚህ ላይ አቁሚ» አሉ ጋሽ ኦታካር። «ብዕሩንም አስቀምጪው። የሚቀጥለውን መጀመሪያ ስሚኝ፤ ከዚያ ትጽፊዋለሽ።»

ቬንዱላ ብዕሯን አስቀመጠች። የያቮርካ እግር ኳስ ክለብ ቤት ደጃፍ ላይ ያለው የሊፓ ዛፍ አብቧል፤ ሽታው በመስኮቱ እየገባ ያፈዛታል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት መዝገቦች ተከፍተዋል። አንዱ ገና አዲስ ነው። ሌላው አሮጌው የክለቡ ዜና መዋዕል ነው፤ ከሃያ ዓመት በፊት ወንዙ ሞልቶ ከተማዋን ሲያጥለቀልቃት ውሃ ገብቶበት ገጾቹ ተጨማድደዋል። ቀለሙም ብዙ ቦታ ላይ ቀልጦ ሰማያዊ ጭጋግ ሆኗል።

ክለቡ ዘጠና ዓመት ሊሞላው ነው። ያቮርካ ውስጥ ዜና መዋዕል የሚጻፈው በእጅ፣ በቀለም ነው፤ በኮምፒውተር መጻፍ ነውር ነው። ጋሽ ኦታካር ለአርባ ስምንት ዓመት ጽፈውታል። አሁን ግን ሰማንያ አንድ ሞልቷቸው እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ትምህርት ቤት ድረስ ሄደው የማን የእጅ ጽሑፍ እንደሚያምር ጠየቁ። ክፍሉ በሙሉ ወደ ቬንዱላ ጠቆመ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ላይ ብስጭት ብላ ነበር፤ ጓደኞቿ ኩሬ ውስጥ ሲንቦራጨቁ እሷ የሽማግሌ ትዝታ ስትገለብጥ ሰኔ ሊያልቅ ነው።

መዝገቡ ግን ቀስ እያለ ወሰዳት። ክለቡን የመሠረቱት አንድ ፖስተኛና ሁለት ጡብ ሠሪዎች ነበሩ። የመጀመሪያዋን ኳስ የሰፋው ኮርቻ ሠሪ ስለነበር ኳሷ ወደ ግራ ታዘነብላለች፤ የያቮርካ ልጆች ይህን ያውቃሉ፣ እንግዶቹ አያውቁም፤ ስለዚህ ክለቡ ሁለት ዓመት ሙሉ በሜዳው አልተሸነፈም። ሜዳው የዝይዎች ነበርና የበረኛው የመጀመሪያ ሥራ ዝይ ማባረር ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ ድንች ተተከለበት። ጦርነቱ አልቆ ጨዋታ ከተጀመረ በኋላ እንኳ ፍጹም ቅጣት ምት የሚመታበት ቦታ ላይ በየጸደዩ አንድ የድንች ቅጠል ብቅ ይል ነበር፤ ማንም አይነቅለውም። ቬንዱላ ይህን ሁሉ ገልብጣ በኩሬው ዳር ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ ከውሃው በሚነሳው ጭጋግ ውስጥ ፖስተኛው ቦርሳውን እንዳነገተ ኳስ ሲገፋ ያየች ይመስላታል። አንዳንዴ ቆም ብላ ታሳልፈዋለች።

አሁን የደረሱበት ገጽ ሙሉ በሙሉ ታጥቧል። የነበረበትን ግን ያቮርካ ውስጥ የማያውቅ የለም። ከአርባ አምስት ዓመት በፊት፣ በውድድሩ የመጨረሻ ቀን፣ ያቮርካ የጎረቤቷን የልሆታን ቡድን አንድ ለዜሮ አሸንፋ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ላይኛው ዲቪዚዮን ወጣች። ጎሏን ያገባው ቦሁሚል ነው፤ የቬንዱላ አያት። ቢራ ቤቱ ግድግዳ ላይ ፎቶው ተሰቅሏል። ሰዎች በትከሻቸው ተሸክመውት፣ እሱ በደስታ ብዛት ራሱን በሁለት እጁ ይዟል። ቅዳሜ ለበዓሉ ከልሆታ ጋር ጨዋታ አለ። እንደ ልማዱ ከጨዋታው በፊት ጸሐፊው የተገለበጠ የቢራ ሳጥን ላይ ወጥቶ ከዜና መዋዕሉ አንድ ገጽ ለሕዝቡ ያነባል። ዘንድሮ የተመረጠው ይህ ገጽ ነው፤ አንባቢዋም ቬንዱላ ናት።

ጋሽ ኦታካር መነጽራቸውን አወለቁ። በዚያ ዘመን ክለቡ ከፋብሪካ የመጣ የጎል መረብ እንዳልነበረው ነገሯት። የኩሬው ዓሣ አጥማጆች በመከር ካርፕ የሚባለውን ዓሣ የሚያወጡበትን አሮጌ መረብ ለምነው ይሰቅሉ ነበር፤ እሱ ደግሞ ቶሎ ይቀደዳል። ስለዚህ በጨዋታ ቀን ጠዋት አንድ ሰው መረቡን በጣቱ እየዳሰሰ ቀዳዳ ቀዳዳውን ይሰፋል።

«ያን ቀን ተራው የኔ ነበር» አሉ። «ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል፤ እንጉዳይ እንደሚፈላ አወቅኩ። ጫካ ገባሁ። ቅርጫቴን ሞልቼ ስመለስ ዳኛው ሊነፋ ነው። ከጎሉ ጀርባ ቆምኩ። ጭጋጉ ሜዳውን ውጦታል። አያትሽ መታት፣ ኳሷም ከቋሚው ውጭ አለፈች። ከዚያ በጎን ባለችው ቀዳዳ ሾልካ መረቡ ውስጥ ቁጭ አለች። ዳኛው እየሮጠ ሲደርስ ኳስ መረብ ውስጥ ናት። ጎል አለ።»

«እርስዎስ? ለምን ዝም አሉ?»

«ምን ልበል? እንጉዳይ ስለቅም መረቡን ረሳሁት ልበል? ከተማው ሁሉ እየጨፈረ?» መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉት። «ቪሌም ግን ተናገረ። ማን ሰማው?»

ቬንዱላ ፊቷ ጋለ። ቪሌም የያኔው የልሆታ በረኛ ናቸው። ኳሷ በቋሚዎቹ መካከል አላለፈችም ብለው ማሉ፣ ለመኑ፤ የራሳቸው ሰዎች እንኳ ሳቁባቸው። ከዚያ ወዲህ በረኛ ሆነው አያውቁም። አሁን ንብ ያረባሉ፤ ሐሙስ ሐሙስ ያቮርካ ገበያ ላይ ማር ይሸጣሉ። የያቮርካ ልጅ ከሆንክ በማር ጠረጴዛቸው አጠገብ ስታልፍ «ጋሽ ቪሌም፣ ኳሷን አዩዋት?» ብለህ ትሮጣለህ። አባቶች ብለውታል፣ ልጆችም ይሉታል። ባለፈው ክረምት ከጓደኞቿ ጋር ሆና ሙድ የያዘችባቸው ቬንዱላ ራሷ ናት። ሽማግሌው የማር ማሰሮውን ክዳን ብቻ ቀስ አድርገው ገጠሙት። ያኔ አስቋት ነበር። አሁን ግን አፈረች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ውሃው ያን ገጽ ሲያጥበው ደስ ብሎኝ ነበር» አሉ ጋሽ ኦታካር። «ተገላገልኩ ብዬ። አልተገላገልኩም። እንደነበረው ጻፊው፣ ወይም እንደሚወራው ጻፊው። አያትሽ ነው፤ አላስገድድሽም።»

ያን ቀን አንድ ፊደል ሳትጽፍ መዝገቡን ታቅፋ ወጣች። አርብ ማታ እራት ላይ አያቷ የሳቸውን ገጽ ደርሳበት እንደሆነ ጠየቋት፤ ገና ነኝ አለች። ብተወውስ ብላ አሰበች። ጋሽ ቪሌም እንደሆኑ ለምደውታል። ይህን ካሰበች በኋላ ግን ራሷን ጠላችው፤ ማን ነው እንዲህ ያለውን ነገር የሚለምደው? አያቷን ደግሞ ከማንም በላይ ትወዳለች። በሰው ሁሉ ፊት እንዴት አድርጋ ከዚያ ትከሻ ላይ ታወርዳቸዋለች?

ቅዳሜ ጠዋት መዝገቡን ይዛ ወደ ሜዳው ሄደች። ጭጋጉ እንደ ወትሮው ከኩሬው ተነስቶ ሣሩ ላይ ተኝቷል፤ ጎሎቹ ከነጭ ነገር ውስጥ ብቅ ያሉ የቤት በሮች ይመስላሉ። አንደኛው ጎል ሥር አያቷ መርፌና ክር ይዘው ቆመዋል። አዲስ ነገር አይደለም። ዕድሜዋን ሙሉ በጨዋታ ቀን ጠዋት እንዲህ ሲያደርጉ አይታለች። ክለቡ ጠንካራ የናይሎን መረብ ከገዛ ስንት ዓመቱ፤ ቦሁሚል ግን መረቡን ካልዳሰሰ ቁርስ አይወርድለትም እያለ ከተማው ይቀልድባቸዋል። እሷም ትስቅ ነበር።

ዛሬ ግን ጣቶቻቸውን አየች። መላውን መረብ አይደለም የሚዳስሱት። ከግራው ቋሚ ጀምረው በጎን በኩል፣ በጉልበት ከፍታ ላይ ይቆያሉ። እያንዳንዷን የመረብ ዓይን ይቆጥራሉ፣ ያልፋሉ፣ ተመልሰው ደግሞ ይቆጥራሉ። ቬንዱላ ገባት። ነገሩን የሚያውቁት ጋሽ ኦታካር ብቻ አልነበሩም።

«ይሄ መረብ እኮ አይቀደድም፣ አያቴ።»

«አውቃለሁ።» እጃቸውን አላነሱም። «ኦታካር ነገረሽ» አሉ።

«አይተው ነበር?»

«መትቻት ራሴን ያዝኩ። ወጣች ብዬ እኮ ነው የያዝኩት። ከዚያ ጩኸት ሰማሁ፣ ዞር ስል ትከሻ ላይ ነኝ።» ክሩን በጣታቸው ጠመዘዙት። «ያን ቀን ብናገር ቀላል ነበር። በማግስቱ ከበደኝ። በሳምንቱ ደግሞ ጭራሽ አልነሳ አለኝ።»

ቬንዱላ የቢራ ቤቱ ፎቶ ትዝ አላት። ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አፋቸው ተከፍቶ። ከተማው ሁሉ ደስታ ነው ያለው ያንን ነበር። እየወደደቻቸው ተናደደችባቸው፤ እየተናደደችም አሳዘኗት። የቱ እንደሚበልጥ አላወቀችም።

«ዛሬ የማነበው እኔ ነኝ» አለች። «ጋሽ ቪሌም ይመጣሉ?»

«መቼ ቀርቶ ያውቃል? ሁልጊዜ ከሰው ኋላ ነው የሚቆመው።»

አያቷ ምንም ያልተቀደደው መረብ ላይ ክሩን ቋጠሩት፣ ትርፉን በጥርሳቸው በጠሱት። መርፌውን ኮታቸው ላይ ሰክተው ወደ ኩሬው ዞሩ።

«ከፊት ወንበር አስቀምጪለት» አሉ። «ስታነቢም ጮክ ብለሽ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ። ጆሮው ደክሟል።»

ቬንዱላ ሊፓው ሥር ሄዳ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀመጠችና አዲሱን መዝገብ ጉልበቷ ላይ ከፈተችው። አንዲት አበባ ነጩ ገጽ ላይ ወደቀች፤ እፍ አለቻት። ከዚያ ሁሉ ሰው በሚወደው በዚያ የእጅ ጽሑፏ ጻፈች፦ «ያን ዕለት ጠዋት መረቡን የሰፋ ሰው አልነበረም።»

ቀለሙ እስኪደርቅ ተነሳች። ከክለቡ ቤት አንድ ወንበር አውጥታ ሜዳው ዳር፣ ሳጥኑ ከሚቆምበት ፊት ለፊት አስቀመጠችው።