እስከ እሑድ ታገሰኝ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ የሚገባበት ጆሮ የለኝም። እዚሁ መንዝ ተወልጄ ያደግሁ ስለሆነ ጉም በወረደ ቁጥር የሚወራውን ሁሉ ስሰማ ኖሬያለሁ፣ እገሌ የሞተ ጎረቤቱን መንገድ ላይ አግኝቶ ሰላም አለው፣ እገሊትን ደጅ ላይ ስሟን ጠርተዋት ብትወጣ ሰው የለም፣ ምናምን፣ እና ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፣ «ጠጥቶ ነበር?»። ጓደኞቼ «አንተ ደረቅ!» ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው፣ ሥራዬም ደረቅ ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ የሰው ስምና ስልክ ቁጥር ሳስተካክል ነው የምውለው። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነ ልናገርና እናንተ የፈለጋችሁትን በሉ።

የምሠራው መሐል ሜዳ ነው፣ ከገጠር መጥተው ለሚማሩ ልጆች ማደሪያና ብርድ ልብስ በምታቀርብ አንዲት ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ። የሚረዱን በየአገሩ የተበተኑ የመንዝ ልጆች ናቸው፣ ነጋዴ አለ፣ አስተማሪ አለ፣ ሾፌር አለ፣ የሁሉም ስም ደግሞ ለዓመታት ያገኘው ሰው ሁሉ ሲነካካው በኖረ ኤክሴል ውስጥ ታጭቋል። አንዱ ሰው አንድ ጊዜ በዓለም ስሙ፣ ሌላ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሲመዘገብ በክርስትና ስሙ ገብቶ ሁለት ሰው ሆኖ ይኖራል፣ እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ ሁለቱን አንድ አደርጋለሁ። ዘንድሮ አዲስ ሶፍትዌር ተገዛና መረጃውን በሙሉ አጽድቼ ወደዚያ እንዳሻግር ታዘዝኩ።

ሊያሠለጥነን ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ ስለ ሁሉም ነገር ሲያስረዳኝ አንዱን ነገር በተለይ ወደድኩለት። «‹በሕይወት የለም› የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ካደረግህ፣ ፋይሉ እንደተጫነ ሲስተሙ ራሱ ለተጠሪው ስልክ የሐዘን መግለጫ ይልካል፣ አንተ ምንም አትደክምም» አለኝ። ወይ ሥልጣኔ፣ አልኩ በሆዴ። እኔም ብልጥ ነኝ ባይ፣ ዞር ብዬ አላሰብኩበትም።

ፋይሉን ልጭን ያሰብኩት ሐሙስ ነበር። ጠዋት የድርጅቱ ኃላፊ እትዬ የሺ ለስብሰባ ወደ ቀየት ልትሄድ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለችና፣ «ደምሰው ሞተ አሉ እኮ፣ ሰማህ?» አለችኝ።

«የትኛው ደምሰው?»

«የሞላሌው ነዋ፣ ሾፌሩ! ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለው አሉ፣ ምስኪን» ብላ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና መኪናው ስላጣደፋት ሄደች።

ደምሰውን አውቀዋለሁ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ብርድ ልብሱን ከአዲስ አበባ በራሱ መኪና ጭኖ፣ ሳንቲም ሳይቀበል፣ ራሱ ተሸክሞ የሚያራግፍልን ሰው ነበር፣ ግዙፍ ነው፣ ሲስቅ ትከሻህን ካልመታ የሳቀ አይመስለውም። አዘንኩ፣ እውነቴን ነው፣ ግን ሥራ ሥራ ነው፣ ነፍስ ይማር ብዬ ስሙን ፈለግሁና ሳጥኗ ላይ ምልክት አደረግሁ። ተጠሪ በሚለው ቦታ የተጻፉት እናቱ ነበሩ፣ ወይዘሮ አጸደ፣ ከነስልካቸው።

ከምሳ በኋላ መብራት ሄደ፣ ጉሙም ወረደ። የመንዝን ጉም ያላየ ሰው እንዴት እንደምነግረው አላውቅም፣ መስኮቱ ላይ ነጭ አቡጀዲ የተወጠረ ነው የሚመስለው፣ ግቢው ውስጥ ያለችው የውኃ ታንከር እንኳ ጠፋች። ላፕቶፑ ባትሪ ነበረውና ሥራዬን ጨርሼ የቀረችኝ የመጨረሻዋ ቁልፍ ብቻ ነበረች፣ ኔትዎርኩ ግን መጣሁ ሄድኩ ስለሚል እጄን አጣጥፌ እጠብቃለሁ።

ያኔ ነው የመኪና ድምፅ የሰማሁት። የሚሄድ መኪና አይደለም፣ ሞተሩን ሳያጠፋ የቆመ ከባድ መኪና ነው፣ ከአጥሩ ውጭ ይንደቀደቃል። እህል ያመጣ መኪና ይሆናል ብዬ ተውኩት። ትንሽ ቆይቶ የመስኮቱ መስታወት መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ቀና ብል በጉሙ ውስጥ ሁለት ቢጫ መብራቶች በሩ አጠገብ በርተዋል፣ ቢሮዋም ናፍጣ ናፍጣ ሸተተች። በሩን ከፈት አድርጌ ጥበቃውን ጋሽ ወርቁን ጠራኋቸው፣ የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው ከዚያችው በር ሥር ነው የተቀመጡት።

«ጋሼ፣ የማን መኪና ነው?»

«የምን መኪና?»

«ይሄ የቆመው! መብራቱ እኮ እርስዎ ላይ ነው የሚያበራው!»

ዞር ብለው አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። «ልጄ፣ ጉሙ ጆሮህ ገባ እንዴ? ከምሳ ወዲህ በዚህ በር ውሻም አላለፈ» አሉኝና ባናቸውን አጠበቁ።

ሽማግሌ ናቸው፣ ጆሯቸው ደክሟል፣ ብዬ ተመለስኩ። ዓይናቸውስ? ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ኔትዎርኩ መጣ፣ ጣቴን ወደ ቁልፏ ስሰድ የጠረጴዛው ስልክ ጮኸ። ይህ ስልክ መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ነው፣ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፣ በሰዓቱ ግን እሱን ያሰበ ማን ነው፣ አነሳሁት።

«ጌታነህ፣ እንዴት ዋልክ፣ እናቴ ገና አልተረዳችም» አለኝ አንድ ወንድ። ሞተር ሳያጠፋ የሚያወራ፣ የሚቸኩል ሰው ድምፅ ነው።

«ማን ልበል?»

«ልቧ ደካማ ነው። የስልኳን መልእክት የምታነብላት የጎረቤት ተማሪ ናት፣ ያየችውን ጮክ ብላ ነው የምታነብላት። እንደዚህ አይነገራትም፣ ጌታነህ። ለእሑድ ነው፣ ጠዋት ዘመድ ይመጣል፣ ነፍስ አባቷም ይመጣሉ። እስከ እሑድ ታገሰኝ።»

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ማን ልበል?»

በስልኩ ውስጥ ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ ጮኸ፣ እመኑኝ፣ በዚያችው ቅጽበት ውጭ ያለውም ጮኸ፣ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፣ በአንድ ጆሮዬ ከስልኩ በሌላው ከደጅ አንድ ሞተር ነው የምሰማው። 

«እሺ በለኝ» አለ።

«እሺ። እስከ እሑድ።»

«እናትህ ትኑርልህ» አለና ተዘጋ። ቀና ስል መብራቶቹ የሉም፣ ድምፁም የለም፣ ጉሙ ብቻ ነው ያለው። ቁጭ አልኩ፣ ምልክቷን አነሳሁ፣ ላፕቶፑንም ፋይሉ ሳይጫን ዘጋሁት።

ከዚያ ለእትዬ የሺ በሞባይሌ ደወልኩና እንዲያው ለወጉ ያህል፣ «የደምሰው እናት ሰምተዋል እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ በስመ አብ! አልተረዱም እንጂ! ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካቸው ብሎ ስላስጠነቀቀ ቤተ ዘመድ ደብቆ ይዞታል፣ አገር ሁሉ ሰምቶ እሳቸው ብቻ ናቸው የቀሩ፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እኮ የሚባለው ለዚህ ነው። ለምን ጠየቅኸኝ? ለሰው አፍህን አልከፈትክም አይደል?»

አልከፈትኩም አልኳትና ስልኩን ዘጋሁት። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ለእናንተ አላስተምርም፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ፣ ሽማግሌ እያዋዛ ነው የሚነገረው፣ እኔ ደግሞ ይህን ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁ ሰው፣ አንዲትን ልበ ድውይ እናት በስልክ መልእክት ላረዳት ቁልፉ ላይ ጣቴን አሳርፌ ነበር። ፈራሁ፣ አፈርኩም፣ የቱ እንደበለጠ አላውቅም።

የደወለው ወንድሙ ነው አልኩ። ሌላ ማን ይሆናል? እንዴት ስለ መልእክቱ አወቀ ብትሉ፣ ሥልጠናውን የሰጠው ልጅ ለሆነ ሰው ነግሮ ይሆናላ፣ አገሩ ጠባብ ነው። መኪናውስ? በጉም ውስጥ ሰው ብዙ ነገር ያያል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዓርብና ቅዳሜን በሰላም አሳለፍኩ፣ እሑድ ተረዱ ተባለ፣ ሰኞ ከእትዬ የሺ ጋር ለቅሶ ልንደርስ ሞላሌ ወረድን።

ድንኳኑ ሞልቷል። ከወንዶቹ ጋር ተቀመጥኩና አጠገቤ ያሉትን የደምሰውን አጎት ቀስ ብዬ፣ «ወንድሙ የትኛው ነው? እግዜር ያጽናህ ልለው ፈልጌ ነበር» አልኳቸው።

«የማን ወንድም?»

«የደምሰው።»

«ወንድም የለውም ልጄ፣ ከእህቶቹ መሐል አንድ ወንድ እሱ ነው፣ ነበር» አሉና ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። እኔ ሳልጠይቃቸው፣ ሰው በለቅሶ ላይ እንደሚያደርገው የሆነውን መተረክ ያዙ። «መርዶውን ለበዓል ማግስት ነበር ያልነው፣ እስከዚያ ትንሽ በርታ ትበል ብለን። ሐሙስ ማታ ነው ነፍስ አባቷ መጥተው፣ ከዚህ በላይ መደበቅ ነውር ነው፣ እሑድ ጠዋት እኔም እመጣለሁ ያሉን። እሳቸው ባይኖሩ እንዴት እንወጣው ነበር?»

ሐሙስ ማታ። እኔን ስልኩ «ለእሑድ ነው» ያለኝ ግን ሐሙስ ከሰዓት ነው።

ልንነሳ ስንል ወደ ውስጥ ገብተን እናቲቱን ተሰናበትን። ቀጭን ናቸው፣ ፊታቸው በለቅሶ ቆሳስሏል፣ ግራና ቀኝ ሴት ልጆቻቸው ደግፈዋቸዋል፣ ግን በሕይወት አሉ፣ ይተነፍሳሉ። እትዬ የሺ ጎንበስ ብላ ከየት እንደመጣን ነገረቻቸው። እሳቸውም፣ «ልጄን በሥርዓት፣ በዘመድ መሐል አስለቀሱኝ፣ ይመስገነው። በስልክ ሰምቼው ቢሆን እዚያው በቀረሁ» አሉ።

እትዬ የሺ እንደ ተራ ቃል ሰምታ አለፈችው። እኔ እጄን ስዘረጋ ግን በሁለት እጃቸው ያዙኝ፣ አቅም ያላቸው አይመስሉም ነበር፣ አጥብቀው ያዙኝ፣ ፊቴን ትክ ብለው አዩና ዝግ ባለ ድምፅ፣ «አንተ ነህ?» አሉኝ።

«ማን ነኝ፣ እማማ?»

ሊመልሱልኝ አፋቸውን ከፈቱ፣ በዚህ መሐል ከሩቅ አገር የመጡ ለቀስተኞች ዋይ ዋይ እያሉ ገቡና እጄን ለቀው ወደ እነሱ ተነሡ። ከዚያ ወዲያ አላገኘኋቸውም። እትዬ የሺ መኪና ውስጥ፣ «ሐዘንተኛ ሰው እኮ ነው፣ ያየውን ሁሉ የሚያውቀው ሰው ይመስለዋል» አለችኝ፣ ይሆናል፣ እኔም ለሌላ ሰው እንደዚሁ ነበር የምለው። አሁን ሙት ዓመቱ ደርሶ እናቲቱ «ያ ልጅ እንዳይቀር» ብለው በሰው ልከውብኛል፣ ልሂድ አልሂድ እስካሁን አልቆረጥኩም።