ግድግዳው የበላው ጊዜ

«የቋሪት ደጋ በርበሬ አለዎት?» አለ ሰውየው።

ቡሬ ገበያ ላይ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ጤነኛ የለም፤ ደጋ በርበሬ አያበቅልም። ምልክቱም ይኸው ነበር። በስለላ ስሙ «ማገር» የሚባለው ክንዱ የበርበሬ ነጋዴ መስሎ ሦስት ወር የጠበቀው ይህችን ጥያቄ ነው። ጊዜው ኅዳር 2006 ነው።

«ለእርስዎማ አይጠፋም» አለው።

ሰውየው ገነነ ነኝ፣ የምሕረት ረዳት፣ አለ። ከጃኬቱ ሥር ሰማያዊ ደብተር አሳየው። በምሕረት እጅ የተጻፈ ነው። ያለችበትን ከነገረው ደብተሩን እንደሚሰጠው፣ እሷንም አዲስ አበባ እንደሚያደርሳት ነገረው።

ምሕረት ተመራማሪ ናት። ነዳጅ የምትፈትሸው በረጅም የብረት ቱቦ ነው፤ የታመቀ ጋዝ ድንገት ይለቀቃል፣ ማዕበሉ ጫፉን መትቶ ይመለሳል፣ እዚያ ጋዙ ግሎ ለቅጽበት ይረጋል። ፈተናው ያቺ ቅጽበት ናት። ግድግዳው ላይ የሚጣበቀው ስስ የጋዝ ንብርብር ግን እየወፈረ ቅጽበቷን ይበላታል፤ የቀረውንም ጋዝ ከታሰበው በላይ ያግለዋል። አንድ ኩባንያ ይህን ደብቆ የአውሮፕላን ነዳጁን ቶሎ የሚቀጣጠል አስመሰለው። ሰማይ ላይ ሞተር ቢጠፋ ተመልሶ አይነሳም። ይህን የሚመሰክሩት ደብተሩና እሷ ብቻ ናቸው።

ክንዱ ፈረስ ቤት ከተማ ከኩባንያው ሰዎች ሲደብቃት አንድ ጥያቄ አስተምራዋለች።

እርጥበት የሚፈትሽ መስሎ እጁን ጆንያው ውስጥ ሰደደ። 

«ለመሆኑ ቱቧችሁ ውስጥ ጋዙ ምን ያህል ይረጋ ነበር?»

«አራት ሚሊ ሰከንድ» አለ ሰውየው ሳያመነታ።

አራት።

አራት የስሌቱ ቁጥር ነው። ቱቦው ላይ የሠራ ሰው «ከሁለት አልፎ አያውቅም፣ ግድግዳው እየበላው» ብሎ ያማርራል ብላዋለች። ይህ ሰው ሪፖርት እንጂ ቱቦ አያውቅም። ታዲያ እውነተኛው ገነነ የት ነው? ደብተሩንስ ከማን እጅ ወሰዱት?

ከበርበሬ ተራው ማዶ ነጭ ላንድክሩዘር ቆሟል። ውስጡ ያሉት ሁለት ሰዎች ወደ እሱ ያያሉ።

«የት ናት?»

የፈራ አፍ የሚያውቀውን ይናገራል። ክንዱም «ፍኖተ ሰላም፣ አስፋልቱ ዳር፣ ካሰች ቤት» አለ።

እትየ ካሰች ለጭነት ሲመላለስ አብልታ የምታሳድረው መበለት ናት። ልጄ ትለዋለች፤ ስልክ እንኳ የላትም።

ሰውየው ደብተሩን ሰጠውና ከመኪናው ሰዎች አንዱን ጠባቂ አድርጎ አስቀርቶ ሄደ። አድራሻው እውነት መሆኑ ሲረጋገጥ ደብተሩንም እሱንም ሊለቅሙ ነው።

ክንዱ የደቀቀ በርበሬ የቀረበትን ጆንያ ጠባቂው ፊት ላይ አራገፈው።

ሮጠ።

በፍኖተ ሰላም አልፎ ደምበጫ የሚሄደው አውቶብስ ሊወጣ ሲል ደረሰበት። ፍኖተ ሰላም ሲገቡ መኪናው ካሰች ደጅ ቆሞ አየ። በሯ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከቤቱ ውስጥ የእሷ ጩኸት ተሰማው።

«ወራጅ» ሊል አፉን ከፈተ።

ደብተሩን ሆዱ ላይ አጥብቆ ያዘና ሳይወርድ አለፈ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ራሱን ጠልቶ አያውቅም።

ደብተሩን ለምሕረት አደረሰ፤ እሷንም በሌላ መንገድ አዲስ አበባ አስገባት። ገነነ የት እንዳለ ስትጠይቀው፣ በስሙ የመጣው ሌላ ሰው እንደነበረ ነገራት። በወሩ ነዳጁ ታገደ። እትየ ካሰች ግን ከድብደባው አልተረፈችም።

በዓመቱ ክንዱ በሌላ ስም፣ በሌላ ከተማ፣ አንዲት ክፍል ተከራየ። አከራይዋ ሴትዮ የመጣ ቀን እራት ይዘውለት ብቅ አሉ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም ነበር።

«በልቻለሁ፣ እናቴ» አላቸውና በሩን ዘጋ።