ሠላሳ አራት

«ወታደሩም በሩን ከፍቶ ሠላሳ አራት ወጣ» ብላ አነበበች።

ክፍሉ አውካካ። ሠላሳ አራት የገጹ ቁጥር ነበር። ምዕራፉን ላፕቶፑ ላይ የተየበላት ታናሽ ወንድሟ ያየውን ሁሉ፣ ቁጥሩን ሳይቀር፣ አስገብቶታል።

መምህሩ መጥተው ስክሪኑን አዩ። መጽሐፉ ላፕቶፑ ውስጥ አለ ስላለቻቸው ነበር በእሱ እንድታነብ የፈቀዱላት። አሁን ግን በሰፊው ነጭ ላይ አንድ ቃል ብቻ ተገትሯል።

«መጽሐፉ የታለ?»

«እዚሁ ነው፣ ቲቸር። አንድ አንድ ቃል ነው የሚያወጣው። ስጫነው ቀጣዩ ይመጣል።»

«ማን ሠራው?»

«እኔ።»

መጽሐፍ ስትከፍት ፊደላቱ ይተራመሱባታል፤ የላይኛው መስመር ታችኛው ውስጥ ይገባል። ዓይኗ ታይቷል፣ ጤነኛ ነው። ሰነፍ ተብላ ሰባተኛን ደግማለች። ፕሮግራሟ እዚህ ግባ የምትባል አይደለችም። ግን ቃል ብቻውን ሲቆም አይሸሻትም።

«ነገ የንባብ ፈተና ነው» አሉ መምህሩ። «ከመጽሐፉ ታነቢያለሽ፤ አለበለዚያ ዜሮ። ሌላው በዓይኑ እያነበበ አንቺ በማሽን?»

«እኔም በዓይኔ ነው።»

መምህሩ ወደ ቀጣዩ ተማሪ አለፉ።

ቤት ስትደርስ ወንድሟ ወሬውን ሰምቶ ጠበቃት።

«ቁጥሩን ላጥፋው?»

«ተወው።»

«ይስቁብሻል እኮ፣ እታለም።»

«ይሳቁ። ከቁጥሩ በፊትና በኋላ ያለውን ማን አነበበው?»

በማግስቱ ተጠራች። «ሠላሳ አራት፣ ተራሽ ነው» አለ አንዱ ከኋላ። መምህሩ መጽሐፉን ገልጠው ሰጧት። ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ላፕቶፑን ከጎኑ ከፈተች።

«ምን ብዬሽ ነበር?»

«ዜሮ ብለውኛል። ይጻፉት፣ ቲቸር። ሳነብ ግን ይስሙኝ።»

እስክሪብቶውን አነሱ። አልጻፉም፤ መልሰውም አላስቀመጡትም።

ቁልፉን ተጫነች። ድምጿ መጀመሪያ ላይ ቀጠነ፣ ቀስ በቀስ ግን ተስተካከለ። ወታደሩ መንገዱን ጨረሰ፣ በሩ ጋ ደረሰ፣ ከፈተው። ቁጥሩ ብቅ አለ። ክፍሉ ሳቁን አዘጋጅቶ ይጠብቃታል።

ቀና ብላ ተማሪዎቹን አየቻቸው።

«ሠላሳ አራት» አለች ረጋ ብላ። ሳቃቸውን እስኪጨርሱ ታገሠችና ወደሚቀጥለው ቃል አለፈች።